ሻንሲውን የተሸከመው ድንጋይ

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን ከሁሉ አስቀድማችሁ ያዙልኝ። የሰፈራችን ሰው ስለ ቡዳና ስለ ዛር ማውራት ሲጀምር ቀስ ብዬ ተነስቼ የምወጣ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መካኒካል ምህንድስና የተማርኩ፣ አንድ ነገር ከታጠፈ ያጠፈው ኃይል አለ፣ ኃይሉም ከየት እንደመጣ በሲባጎና በውሃ ልክ ተፈልጎ ይገኛል ብዬ የማምን ልጅ ነኝ፣ ዛሬም እምነቴ ይኸው ነው፣ ከአንድ ምሽት በስተቀር። ደግሞ ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም፣ ተናድጄ ነው። ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ስለሚጠፋ፣ በአፌ ያልወጣልኝን በእጄ ላውጣው ብዬ ነው፣ እመኑኝ፣ ፍርሃቱ ካለፈ ቆይቷል፣ ንዴቴ ግን እስካሁን ትኩስ ነው።

ወንድሜ አንዷለም በጥቂት ዓመት ይበልጠኛል፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የማያውቀው ሰው የለም፣ ሲያወራ የሚያስቅ፣ ሲለምን እምቢ የማይባል፣ መሪ ሲይዝ ደግሞ እግሩ ከነዳጅ መስጫው ላይ የማይነሳ ሰው ነው። አባታችን ሲሞት የተወልን አንዲት አሮጌ ዲኤክስ መኪና ነበረችን፣ በእሷ ነው የእሽቅድምድም ነገር የለከፈው። ያኔ መንገዱ እንደ ልብ ይኬድበት ነበር፣ የእኛ ከተማ፣ የቡሬና የደምበጫ ልጆች እሁድ እሁድ ጠዋት ከቡሬ ወጣ ብሎ ገና ለመኪና ያልተከፈተ ቀጥ ያለ አዲስ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ፣ ሁለት ሁለት መኪና ጎን ለጎን ይቆማል፣ አንዱ መሃል ገብቶ ጃኬቱን ከፍ አድርጎ ሲያወርደው ይፈተለካሉ፣ ቀድሞ የደረሰ አሸነፈ፣ በቃ ይኸው ነው፣ ሽልማቱ ጭብጨባና የሳምንት ወሬ ነው።

በጥር፣ በርበሬ ወደ ገበያ በሚወርድበት ሰሞን፣ ለዚህ ውድድር ሲለማመድ ሰው ገደለ። እንዲህ አሳጥሬ የምጽፈው ሌላ አጻጻፍ ስላጣሁለት ነው። አያ ቢተው ይባሉ ነበር፣ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ባለች የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ፣ አህያቸውን በርበሬ ጭነው ወደ ገበያ ሲመጡ የመንገዱን ዳር ይዘው ነበር፣ መንገዱን የሳተው አንዷለም ነው። አህያዋ እዚያው ሞተች፣ እሳቸው ሐኪም ቤት ደርሰው አረፉ፣ የተበተነው በርበሬ ደግሞ በጎማ እየተፈጨ አስፋልቱን አቅልቶት ሰነበተ፣ በዚያ ያለፈ ሁሉ ያስነጥሰው ነበር።

ፍርድ ቤት በገደብ ለቀቀው፣ ኢንሹራንሱም የሚገባውን አደረገ፣ አንዷለም «አለቀ» አለ። አላለቀም። እኛ አገር ሕግ ሲጨርስ ሰው ገና ይጀምራል፣ ደም ያለበት ሰው ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ሟች ቤት ደጅ ይቆማል፣ «ስለ እግዜር ይቅር በሉኝ» ይላል፣ የሟች ወገን «አውርድ» እስኪለው ድረስ አያወርድም። የአያ ቢተው ሚስት እትዬ የዝና ሌላ ምንም አልጠየቁም፣ መጥቶ ፊታቸው ጎንበስ እንዲል ብቻ ነው የጠበቁት። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ፣ አልሄደም። ሽማግሌ ሲላክበት «በሚቀጥለው ሳምንት» ይላል፣ እናታችን ስታለቅስ ራሴን አመመኝ ብሎ ይተኛል፣ እኔ ስለምነው «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሽማግሌ የሆንሽው ኢንጂነሯ?» ብሎ ይስቃል። ሳቁን ነው ያልቻልኩት።

ይባስ ብሎ ያችኑ መኪና አሠርቶ ሊወዳደርባት ተነሳ። ሰው የማይቀርባትን፣ ማንም ዞር ብሎ ሊያያት ያልፈለገውን መኪና! እጄን አላስገባም ብዬ ምዬ ነበር፣ ኋላ ግን እናቴ ማጀት ጠርታ «እሱ እንደሆነ አይሰማም፣ መንዳቱ ካልቀረ ከስሩ እንዳትሰበርበት አድርጊለት፣ አባትሽን ቀብሬያለሁ፣ እሱን አታስቀብሪኝ» አለችኝ፣ ለእናቴ ብዬ ሲባጎዬንና ውሃ ልኬን ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ ሄድኩ።

ጋራዡ የአያ ስማቸው ነው፣ ከከተማው ጫፍ ከአንድ ትልቅ ሾላ አጠገብ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። አያ ስማቸው ሲበይዱም ሲበሉም የሚያወሩ ሰው ናቸው፣ ሲባጎዬን ሲያዩ «አንቺ ልጅ፣ የቤት መሠረት ልታወጪ ነው እንዴ? ይኸ ብረት ነው፣ ብረት ካልመቱት አይሰማም» አሉኝ። አንዷለም ቀበል አድርጎ «ፊቷን አይተው አይቀየሟት አያ፣ ስትወለድም ተኮሳትራ ነው አሉ» አለ፣ ሁለቱ ተሳሳቁ። እኔ ዝም አልኩ፣ ሁልጊዜ ዝም ነው የምለው።

ሥራውን ላስረዳችሁ፣ ካላስረዳሁ የኋላው ነገር አይገባችሁም። መኪና ከቆመበት በአንድ ጊዜ ሲወረወር ሞተሩ ሻንሲውን፣ ሁሉን የተሸከመውን የብረት አጽም፣ እንደ እርጥብ ልብስ ሊጠመዝዘው ይሞክራል፣ ጤነኛውም ሻንሲ ይንቋቋል፣ በግጭት የታጠፈ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ሹፌሩን ይዞ ይበጠሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የታጠፈውን ማቃናት፣ ቀጥሎ ከፊት እስከ ኋላ ቱቦላሬ ብረት በይዶ ማጠንከር ነው። አያ ስማቸው የመኪናዋን ኋላ በሰንሰለት ሾላው ላይ አሰሩ፣ ፊቷን በአይሱዙ አስጎተቱ፣ ሻንሲው እያቃሰተ ተመለሰ። ከዚያ መኪናዋን በክሪክ አንስተው በአራቱም ጥግ ድንጋይ አስገቡላት፣ እዚህ አገር የትኛውም ጋራዥ የሚያደርገው ነው። ድንጋዮቹ ግን ያማሩ ነበሩ፣ ጠፍጠፍ ያሉ፣ አንድ ዓይነት ውፍረት ያላቸው፣ ጠርዛቸው የለሰለሰ።

«ከየት አገኟቸው አያ?» አልኩ።

«ከሾላው ስር ነዋ። ተከምሮ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ የሚጠይቀው የለ፣ የሚያነሳው የለ።»

ከተማ ያደግሁ ነኝና እኔም አላወቅሁም፣ ደስ ብሎኝ ውሃ ልኬን አስቀመጥኩበት።

ብየዳው ሲጀመር ሁላችንም ሳል በሳል ሆንን። የሻንሲው እግሮች ውስጣቸው እንደ ቧንቧ ባዶ ነው፣ ያ ሁሉ ወር አልፎም እዚያ ውስጥ በርበሬ ተጠቅጥቆ ነበር፣ ብረቱ በጋለ ቁጥር እያረረ ጢሱ ጉሮሮ ይልጣል። አያ ስማቸው ዓይናቸው እያነባ «ወጡ ደረሰ፣ እንጀራ አምጡ!» ብለው ቀለዱ፣ አንዷለምም ሳቀ። አያ ቢተው የጫኑት በርበሬ እኮ ነው! ምርር ብሎኝ ውጭ ወጥቼ ቆምኩ፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሼ ገብቼ ለካሁ፣ ምን ላድርግ?

ልኬቱ እንዲህ ነው፣ ከፊት ግራ ጥግ እስከ ኋላ ቀኝ ጥግ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ ሲባጎ እወጥራለሁ፣ ሁለቱ እኩል ከመጡ ሻንሲው ቀጥ ብሏል ማለት ነው። ማታ እኩል ሆኖ ትቼው የሄድኩት ጠዋት ስመጣ ተዛንፎ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ አልገረመኝም፣ የተበየደ ብረት ሲቀዘቅዝ ይሸማቀቃል፣ ሲሸማቀቅ ይጎትታል፣ ይህን መጽሐፍም ይለዋል። ያስገረመኝ አኳኋኑ ነው፣ ግጭቱ ሻንሲውን ወደ ጎን ነበር ያጠፈው፣ አሁን ግን በየጠዋቱ ወደ ፊትና ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ እንዴት ልበላችሁ፣ አንገት እንደ መድፋት። ባቃናው ጠዋት ደፍቶ ይጠብቀኛል።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌው አያ ፈንቴ ጋራዡ ድረስ መጡ። ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው «እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቀጠሮ ይዘናል ልጄ፣ የዝናም እሺ ብላለች፣ ዘመድም ተጠርቷል፣ የቀረኸው አንተ ነህ» አሉ።

አንዷለም እጁን በጨርቅ እየጠራረገ «እሁድ ጠዋት ቡሬ ጉዳይ አለብኝ አያ፣ ወደ ከሰዓት ብንገፋው ምን ይመስልዎታል?» አለ።

«የምን ጉዳይ?»

«የመኪና...»

«በዚችው መኪና?»

አያ ፈንቴ አልተቆጡም፣ ምነው በተቆጡ! ቀስ ብለው ጎንበስ ብለው ከመኪናዋ ስር ተመለከቱ፣ ሲቀኑ ፊታቸው ሌላ ሆኖ ነበር።

«ይኸን ድንጋይ ማን አነሳው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ስማቸው፣ «ምነው፣ ድንጋይ አይደል እንዴ?»

«ድንጋይስ ድንጋይ ነው። ደም የነበረበት ሰው ሲታረቅ ከማጅራቱ አውርዶ እዚያ ሾላ ስር የሚያኖረው ድንጋይ ነው። ካሁን ወዲያ ምንም አይሸከም ተብሎ ነው የሚተወው። እናንተ ሰው የገደለች መኪና አሸከማችሁት።»

ይህን ብለው ሳይመርቁን ወጡ። ሽማግሌ ሳይመርቅ ከግቢ ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ «እንመልሰው፣ አሁኑኑ እንመልሰው» ስል አያ ስማቸው «አሁን ባወርዳት የለካሽው ሁሉ ይበላሻል፣ ቅዳሜ ሥራው ሲያልቅ ራሴ እመልሰዋለሁ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፣ መኪናዋ በብየዳ መሃል ከወረደች ልኬቱ ይጠፋል። በዚያች እውነት ተሸነፍኩ።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ መብራት አልነበረም፣ የመጣው ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ነው። አያ ስማቸው የመጨረሻዎቹን ብየዳዎች ጨርሰው ማሽኑን አጠፉ፣ አንዷለም ነገ በጠዋት ቡሬ ለመድረስ እየተቁነጠነጠ በስልክ ከጓደኞቹ ጋር ይፎካከራል፣ «ነገ አቧራዬን ነው የምታዩት» ይላል። እኔ ሲባጎዬን ወጠርኩ። ተዛንፏል። ከአንድ ሰዓት በፊት እኩል የነበረው! ውሃ ልኩን ከፊት አስቀመጥኩ፣ ጎንበስ ብዬ ውስጡ ያለችውን የአየር አረፋ እያየኋት፣ ማንም መኪናዋን ሳይነካት፣ አረፋዋ ቀስ እያለች ከመሃል ተንሸራታ ጥግ ገባች። ዓይኔ ደክሞ ይሆናል ብዬ አውልቄ ጠርጌ መልሼ አስቀመጥኩት፣ ያው ነው። ከዚያ የወጠርኩት ሲባጎ ድምፅ ማሰማት ጀመረ፣ ንፋስ አልነበረም፣ እንደ ትንኝ ቀጭን ድምፅ፣ ቀጥሎም የበርበሬው ጢስ ሸተተኝ፣ ማሽኑ ጠፍቶ፣ ብረቱም ቀዝቅዞ። አያ ስማቸው ሳላቸውን ሲያስሉ ነው ለእኔ ብቻ እንዳልሸተተኝ ያወቅሁት።

«በክሪክ ያንሷት» አልኩ፣ «የፊት ግራው ድንጋይ ሳይሰምጥ አልቀረም።»

ክሪኩን አስገብተው ረገጡ፣ መኪናዋ ተነሳች፣ ድንጋዩም አብሯት ተነሳ። ልድገመው፣ ድንጋዩ መሬቱን ለቆ ሻንሲው ላይ ተጣብቆ፣ ከስሩ ሌላ ምንም ሳይኖር አየር ላይ ተንጠለጠለ።

«ብየዳው ፈሶ ይዞት ነው» አሉ አያ ስማቸው፣ እኔም ልክ ይህንኑ ነበር ያሰብኩት፣ ስልኬን አብርቼ ገባሁና አየሁ፣ ብየዳው ያለው እዚያ ማዶ ነው፣ ድንጋዩና ብረቱ የተገናኙበት ላይ የቀለጠ ነገር የለም፣ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት አለ። አያ ስማቸው መዶሻ አንስተው ድንጋዩን በጎኑ መቱት። የድንጋይ ድምፅ አልነበረም። የሰው ጀርባ በጡጫ ሲመታ የሚሰማውን ታውቁታላችሁ? ድፍን፣ ሥጋ ሥጋ የሚል። መዶሻቸውን አስቀመጡና ያ ሁሉ ወሬ ከአፋቸው ጠፋ፣ ማማተብ ጀመሩ።

አንዷለም ግን ሳቀ። «ሁለታችሁም ፈርታችኋል እንዴ? ኢንጂነሯ ድንጋይ ፈራች!»

ያን ጊዜ ነው የጮህኩት። በሕይወቴ ጮኼ አላውቅም፣ ድምፄ የኔ አልመሰለኝም። «ሰው ገድለህ ትስቃለህ! ሴትዮዋ ዓመት ሊሞላት ነው ደጇን እያየች! ከእግሯ ስር ጎንበስ ብትል ምን ይጎድልብሃል? የገደልክበትን መኪና ቆሜ የማጠነክርልህ እናቴን እንዳትገድላት ብዬ እንጂ አንተስ ብትሞት ግድ የለኝም!» አልኩት። አልኩት፣ ዛሬም አልጸጸትበትም።

ፊቱ ጠቆረ። «እሺ» አለ፣ «ድንጋይሽን አውጥቼ ላሳይሽና ዝም ትያለሽ።» ተንጋሎ ከስሯ ገባ። እጁ ገና ሲነካው ድንጋዩ ለቀቀ፣ ምንም ድምፅ ሳያሰማ፣ ሕፃን ከእናቱ እጅ እንደሚቀበሉት ሆኖ መዳፉ ላይ አረፈ። ከስሯ ወጣ፣ ተነሳ፣ ያን ከባድ ድንጋይ ብድግ አድርጎ ማጅራቱ ላይ አኖረው፣ በሁለት እጁ ያዘው፣ ጎንበስ አለ፣ ወደ በሩ ሄደ።

«አንዷለም!» አልኩ። አልዞረም። አያ ስማቸው እጄን ይዘው «ተይው፣ አትንኪው» አሉኝ፣ እሳቸው ከጋራዡ አልወጡም፣ እኔ ግን ተከተልኩት።

መንገድ ላይ ሰው አልጠፋም ነበር፣ ገና መምሸቱ ነው። አንድ የባጃጅ ሹፌር አውቆት «አንዱ፣ ጂም ጀመርክ እንዴ?» ብሎ ጮኸበት። እኔ ከኋላ ከኋላ እየሄድኩ አካሄዱን አያለሁ። ወንድሜ መሃል መንገድ ካልሆነ የማይሄድ ሰው ነው፣ ያን ምሽት የአስፋልቱን ዳር፣ አፈሩን ይዞ ነበር የሚሄደው፣ የመኪና መብራት ሲመጣ ይበልጥ ወደ ዳር ይወጣና፣ ከጎኑ ያለ አንድ ነገር ወደ ውስጥ የሚጠራ ይመስል በምላሱ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል፣ ገበሬ አህያውን እንደሚያደርገው። ከአስፋልቱ ወርዶ በእርሻ መሃል የሚያስገባ የእግር መንገድ ያዘ፣ እኔ ስልኬን አብርቼ እየተደናቀፍኩ ነው፣ እሱ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተም። እዚያ ቤት ሄዶ አያውቅም እኮ! ያስቆጣኝም ያ አልነበር?

ግቢው ውስጥ መብራት ነበር፣ ቀጠሮው አልፈረሰምና ለነገው እርቅ ሴቶች የጠመቁትን ጠላ ያጠልላሉ፣ አያ ፈንቴም ቀድመው መጥተው እዚያው ሊያድሩ ነበር። ውሻው እየሮጠ መጣ፣ እሱ ላይ አልጮኸም፣ ጭራውን እየቆላ እግሩን አሸተተው፣ ከዚያ እኔን ሲያይ ጥርሱን አወጣ። አንዷለም ደጁ ላይ ደረሰና እንደተጎነበሰ ቆመ። አያ ፈንቴ «ነገ አልነበር እንዴ?» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ተዉት።

እትዬ የዝና ከውስጥ ወጡ። አጠር ያሉ ቀጭን ሴት ናቸው፣ ፊታቸው ቆጣ ብሏል፣ ያን ሁሉ ወር የቋጠሩትን ሊናገሩት እንደተዘጋጁ ያስታውቃል፣ እኔም በልቤ ይናገሩት፣ ይስደቡት፣ አይማሩት አልኩ። እሱ ግን ጎንበስ እንዳለ አንድ ነገር ተናገረ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ እኔ ቅርብ ሆኜ እንኳ አልሰማሁትም። «ይቅር በሉኝ» አይመስለኝም፣ ከዚያ ያጠረ ነው። እትዬ የዝና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፣ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡና ከስር ወደ ላይ ፊቱን እያዩ «አውርድ» አሉ፣ «አውርደው፣ ከብዶሃል፣ በቃህ አውርደው» አሉ፣ እያለቀሱ።

አወረደው። ሴቶቹ እልል አሉ፣ አያ ፈንቴ መረቁ፣ አንዷለም መደቡ ላይ ጋደም አለና ጫማውን ሳያወልቅ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ሌሊቱን ከሴቶቹ ጋር አደርኩ፣ ማርያምን፣ ዓይኔን አልከደንኩም።

ጠዋት ሲነቃ ጣሪያውን አየ፣ እኔን አየ። «የት ነው ያለሁት?» አለኝ። ነገርኩት። «ድንጋይ? እኔ?» አለና ሳቀ፣ ያንኑ ሳቅ። ቀጥሎ ፀሐዩን ሲያይ ሳቁ ጠፋ፣ ውድድሩ አልፎታል። «ምን አጠጥታችሁኝ ነው? ሆን ብለሽ ነው ያስቀረሽኝ!» ብሎ ጮኸብኝ፣ ማንንም ሳይሰናበት ግቢውን ጥሎ ወጣ። ሰዎቹ «አፍሮ ነው፣ ተዉት» አሉ። አላፈረም። ከመኪናዋ ስር ከገባበት ቅጽበት በኋላ ያለውን ምንም አያውቅም፣ አጥብቄ ጠይቄዋለሁ፣ ሲዋሽ አውቀዋለሁና አልዋሸም። በብየዳ ጢስ የተመረዘ ሰው ይቃዣል ብዬ አነበብኩ፣ ለጥቂት ቀን በዚህ ተጽናናሁ። አያ ስማቸው የቀሩትን ድንጋዮች በዚያው ጠዋት ወደ ሾላው መልሰው ነበር፣ ብለካው ሻንሲው ቀጥ ብሏል፣ ከዚያ ወዲህ ዝንፍ ብሎ አያውቅም። በተከታዩ እሁድ ቡሬ ሄዶ ተወዳደረ፣ አሸነፈ። ሻንሲው ንቅንቅ አላለም አሉ። የሠራሁት እኔ ነኝ።

ኅዳር ላይ እትዬ የዝና ገበያ አግኝተውኝ ጎተት አድርገው ወደ ዳር ወሰዱኝ። ጥቁር ልብሳቸውን አውልቀው ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ወንድምሽን አንድ ቀን ላኪልኝ» አሉኝ። «የደም ነገር አይደለም፣ እሱ አልቋል። አንድ ጊዜ ብቻ ይጥራኝ።»

«ማን ብሎ ነው የሚጠራዎ?»

«ባሌ ሁለታችን ብቻ ስንሆን በሚጠራኝ። ልጆቼም አያውቁት። ያን ለት ጎንበስ ብሎ ጠራኝ። ማን ነገረው? ብዬ ሳስብ ከረምኩ። አሁን ግን ማንም ይንገረው፣ ይጥራኝ ብቻ።»

ስሙን ጠየቅኋቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የኔ ነው» አሉ።

ምን ልበላቸው? ወንድሜ ይቅርታ አልጠየቀም ልበል? ያልጠየቀውን ይቅርታ በነጻ ወስዶ በሚቀጥለው ሳምንት አስፋልት ላይ ተጨበጨበለት ልበል? ይህን ብናገር የእሳቸውን እርቅ ነው የማፈርሰው፣ ከባላቸውም የቀራቸውን ነው የምወስድባቸው። ለአንዷለም እትዬ የዝና ይፈልጉሃል ስለው «የትኛዋ ናት?» አለኝ፣ ስማቸውንም ረስቷል! እሳቸው በገበያ ቀን ጥጉ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፣ እኔ እንደ ሌባ በሌላ መንገድ እዞራለሁ። የበደለው እሱ፣ የሚሸሸው እኔ፣ እንዴት አልናደድ?

ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ ያለወቅቱ ደመና መጣ። በረንዳ ላይ ልብስ እየሰበሰብኩ ነበር፣ አንዷለም መኪናዋን አጥቦ ጨርሶ እጁን እያራገፈ መጣና አጠገቤ ቆመ፣ ወደ ሰማይ አንጋጦ ብዙ ቆየ። ጤፍና ስንዴ ለይቶ የማያውቅ ልጅ ነው፣ እመኑኝ።

«የዝና ጤፉን ሰበሰበች?» አለኝ።

እትዬ እንኳ አላለም። ድምፁ እንደዚያ ምሽት ዝግ ያለ ነበር።

«ማን?» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። «ምን ማን?» አለ፣ «ምን አልኩሽ?»

አልመለስኩለትም። ከሁለቱ ለማን እንደምመልስ አላወቅሁም።